ክሬዲቴን ራሴ ላስተካክል ወይስ ለሚያስተካክል ሰው ልክፈል?

እታለም ከባህር ዳር

እንደምን ሰነበታችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታግሳችሁ አንብቡልኝ። ክሬዲቴን፣ ማለት የብድርና የክፍያ ታሪኬን፣ በገንዘብ አስተካክልልሻለሁ ያለኝ ሰው እስከ ዓርብ መልስ ስጪኝ ብሎኛል። ገንዘቡን ከመላኬ በፊት ከዚህ ነገር ያለፈ ሰው ምክር እፈልጋለሁ።

በዲቪ አሜሪካ የገባሁት በ2006 ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከወንድሜ ጋር አንድ አፓርትመንት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ። ሥራዬ አረጋውያን መንከባከብ ነበር። ዜግነትም እዚያው አገኘሁ። በነዚያ ዓመታት አንድም ቀን ክፍያ አሳልፌ አላውቅም። ሰኔ 2015 ላይ እናቴ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ለሁለት ወር ብዬ በሁለት ሻንጣ ባህር ዳር መጣሁ። ቤታችን ሹም አቦ ነው። የሁለት ወሩ ነገር ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው።

መጀመሪያ ላይ ካርዶቼን ከዚህ ሆኜ በስልኬ እከፍል ነበር። ነሐሴ ላይ የሞባይል ዳታ ጠፋ። እዚህ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ለወራት ነው የጠፋው። ዋይፋይ አለ ሲሉኝ ጣና ዳር ወዳለ አንድ ሆቴል ሄድኩ። ሻይ አዝዤ የባንኩን ገጽ ከፈትኩ። ኮድ ልከንልሻል አለኝ። ኮዱ የሚሄደው አሜሪካ ወደነበረኝ ስልክ ነው። ስልኩ ደግሞ ሳይከፈልበት ቆይቶ ተዘግቷል። "ድጋሚ ላክ" የሚለውን ስንቴ እንደተጫንኩት እንጃ። ሻዩ ሳልቀምሰው ቀዘቀዘ። አስተናጋጁ መጥቶ "እህቴ ደህና ነሽ?" እስኪለኝ ድረስ እያለቀስኩ መሆኔን አላወቅኩም። ባንኩ ጋ በስልክ ለመደወል ሞከርኩ። ለማንነቴ ማረጋገጫ የጠየቁኝ ያንኑ ኮድ ነው።

ወንድሜ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ነጂ ነው። በወር ውስጥ ቤት የሚያድረው ጥቂት ቀን ነው። በስሜ የመጣውን ፖስታ ሁሉ "የእሷ ነው" ብሎ ሳይከፍት በጫማ ካርቶን ያስቀምጥልኝ ነበር። አልፈርድበትም፣ የሰው ፖስታ አልከፍትም ብሎ ነው። በኋላ ፎቶ እያነሳ በቴሌግራም ሲልክልኝ ካርቶኑ ሞልቷል።

ከፖስታዎቹ የገባኝ ይህ ነው። አንዱ ካርድ 2,140 ዶላር ነበረበት። ባንኩ ቻርጅ ኦፍ አድርጎ፣ ማለት አይከፈለኝም ብሎ፣ ለኮሌክሽን፣ ዕዳ ለሚሰበስብ ድርጅት፣ ሸጦታል። ሁለተኛው 860 ዶላር ነበር። እሱን ወንድሜ ከፍሎ ዘግቶልኛል፣ ግን ሦስት ወር ዘግይቶ ነው። አንድ የሆስፒታል 380 ዶላር አለ። አራተኛው ግን የእኔ አይደለም። የስልክ ኩባንያ 612 ዶላር ይለኛል። መስመሩ የተከፈተው በፈረንጅ 2024 ነው። ያን ጊዜ እኔ እዚህ እናቴን እያገላበጥኩ ነበርኩ።

እናቴ ጥር ላይ አረፈች። ነፍሷን ይማር። አሁን ነሐሴ ላይ ልመለስ አስቤያለሁ። የራሴን ቤት ልከራይ ስል ወንድሜ "በዚህ ክሬዲት ማን ሊዝ ይሰጥሻል?" አለኝ። ከዚያ አንድ ዘመድ ክሬዲት ከሚያስተካክል ሐበሻ ጋር አገናኘችኝ። ሰውየው ትሁት ነው፣ በአማርኛ አረጋግቶ ያናግራል። በ45 ቀን ሁሉንም አጠፋልሻለሁ አለኝ። ዋጋው 1,500 ዶላር ነው፣ ግማሹ አስቀድሞ። ዶላር ከሌለሽ ባህር ዳር ያለ ሰው በብር ይቀበልሻል አለኝ። ሶሻሌን፣ ማለት የአሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬን፣ እና የፓስፖርቴን ፎቶም ጠይቆኛል። ካልተሳካ ደግሞ አዲስ ባለ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር አወጣልሻለሁ፣ በሱ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ ብሎኛል።

ከዕዳ ልሽሽ አይደለም። የበላሁትን እከፍላለሁ። የምጠይቀው እኔ ከባህር ዳር ሆኜ ይህን ነገር ራሴ መጨረስ እችላለሁ ወይ ነው። ወይስ እንደዚህ ያለ ሰው የሚያውቀው፣ እኔ የማላውቀው መንገድ አለ?


የዘጌ ልጅ፣ አሌክሳንድሪያ

እህት ዓለም፣ በመጀመሪያ እናትሽን ነፍስ ይማር። አንቺንም ያጽናሽ።

ሁለተኛ፣ እባክሽ ሶሻልሽን አትላኪ። ገንዘቡንም አትላኪ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

በአሜሪካ በፈረንጅ 1996 የወጣ ክሬዲት እናስተካክላለን የሚሉትን ብቻ የሚመለከት ሕግ አለ። ሥራውን ሳይጨርሱ አንድ ሳንቲም መቀበል አይችሉም። የጽሑፍ ውል መስጠት አለባቸው። ውሉን ከፈረምሽ በኋላም በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ምንም ክፍያ መሰረዝ ትችያለሽ። ግማሹን አስቅድሚ ያለሽ ሰው ገና ሲጀምር ሕጉን ጥሷል። በብር ባህር ዳር ላይ ልቀበል ማለቱ ደግሞ ወረቀት እንዳይኖር ነው። ነገ ብትከሽው በእጅሽ ምን አለ?

ያ ባለ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር ያለሽ ነገር እዚህ ሲፒኤን ይሉታል። ሕጋዊ ነው ብለው ይሸጡታል። ብዙ ጊዜ ከሕፃን ልጅ ወይም ከሞተ ሰው የተሰረቀ ሶሻል ነው። በሱ ብድር ወይም ቤት ብትጠይቂ በሐሰት ማመልከቻ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ፣ እሱ አይደለም። በዕዳ ማንም አያስርሽም። በዚህ ግን ልትታሰሪ ትችያለሽ። ይህን ካለሽ በኋላ ስልኩን ባታነሺለት ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ራስሽ ትችያለሽ። ሰውየው የሚያውቀው ምስጢር የለም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ደብዳቤ መጻፍ ነው። ያን ደብዳቤ ሕጉ ለአንቺ በነፃ ፈቅዶልሻል።

የራሴን ልንገርሽ። በፈረንጅ 2018 ለጓደኛዬ የመኪና ብድር ላይ ፈረምኩ። እሱ ሥራ አጣ፣ መኪናው ተወሰደ፣ ቀሪው ዕዳ በእኔ ስም መጣ። ስኮሬ፣ የክሬዲት ነጥቤ፣ ወርዶ 520 ገባ። እኔም እንዳንቺ የሚያስተካክል ሰው ፈለግኩ። አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህታችን ግን "መጀመሪያ ሪፖርትህን አይተኸዋል?" አለችኝ። አላየሁትም ነበር። ሰው ስለ ክሬዲቱ ይጨነቃል እንጂ ወረቀቱን አያየውም።

የሰውን የክሬዲት ታሪክ መዝግበው የሚይዙት ሦስቱ ድርጅቶች ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያን እና ትራንስዩኒየን ናቸው። የሦስቱንም ሪፖርት አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት በሚባለው ገጽ በየሳምንቱ በነፃ ማየት ይቻላል። አተምኳቸው። የወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸውና እውነት የሆነውን በሰማያዊ፣ ውሸት የሆነውን በቀይ ማስመር ጀመርኩ። ቡናዬ ሳያልቅ ቀዩ ሞላ። አንዱ ድርጅት ጆርጂያ ውስጥ ያለ ሰው አድራሻ በስሜ አስገብቷል። ሰውየው የኔ ስም አለው፣ የአባቱ ስም ከአባቴ ስም ጋር አንድ ነው። የሱ ሁለት ዕዳ እኔ ላይ ተጭኗል። እኛ ሐበሾች ላይ ይህ ይበዛል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚገባ ተስፋዬ፣ ከበደ፣ ዓለሙ የሚባል ሰው ብዙ ነው። በእንግሊዝኛ አጻጻፉም አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ነው። አንቺም ስምሽ በስንት ዓይነት እንደተጻፈ እይ። የኖርሽበት አድራሻ ብቻ እንዳለም አረጋግጪ።

ለቀዩ ሁሉ አንድ በአንድ ደብዳቤ ጻፍኩ። "ይህ ሒሳብ የኔ አይደለም፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው፣ ማስረጃው ተያይዟል" የሚል ነው። ከግማሽ ገጽ አላለፈም። የመታወቂያ ኮፒና አድራሻዬ ያለበት ቢል አያያዝኩ። በሰርቲፋይድ ሜይል ላክኩ፣ ተቀባዩ ፈርሞ የሚመለሰውን አረንጓዴ ካርድ ጨምሬ። ከደረሳቸው ቀን ጀምሮ አጣርተው እንዲመልሱ ሕጉ 30 ቀን ይሰጣቸዋል፣ አንዳንዴ 45። ያላረጋገጡትን ማጥፋት ግዴታቸው ነው። የጆርጂያው ሰው ዕዳ በ24 ቀን ወጣ።

መኪናው ግን አልወጣም። የፈረምኩት እኔ ነኝ። እውነት ስለሆነ ማንም አያወጣውም። አንድ ነገር ልብ በይ፣ እውነተኛ የሆነ መጥፎ መረጃ ክፍያው ከተቋረጠበት ጊዜ ጀምሮ ሰባት ዓመት ገደማ ይቆያል። ዕዳው ለሌላ ኮሌክሽን ቢሸጥም ያ ጊዜ እንደ አዲስ አይጀምርም። "እውነቱንም አጠፋለሁ" የሚል ሰው ወይ ይዋሻል ወይ አንቺን ያስዋሻል።

አንቺ የዘረዘርሻቸውን በዚህ ዓይን ልያቸው። የስልኩ 612 ዶላር ቀይ ነው። ፓስፖርትሽ ላይ ቦሌ የገባሽበት ማኅተም አለ። ከዚያ የተሻለ ማስረጃ ማን አለው? እሱን እንደ ተራ ስህተት አታቅርቢው፣ የማንነት ስርቆት ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ የማንነት ስርቆት ገጽ ላይ ሪፖርት ሙዪ። ያ ሪፖርት ከመታወቂያሽ ጋር ለሦስቱ የክሬዲት ድርጅቶች ከደረሳቸው በአራት የሥራ ቀን ውስጥ እንዲያግዱት ሕጉ ያዛል። በዚያው ሦስቱም ጋ ክሬዲትሽን አስቆልፊ፣ ፍሪዝ ይሉታል፣ ነፃ ነው። አንዴ የገባ ሌባ ተመልሶ ይመጣል።

የሆስፒታሉ 380 ዶላር ሪፖርትሽ ላይ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ሦስቱ ድርጅቶች ከፈረንጅ 2023 ጀምሮ ከ500 ዶላር በታች የሆነ የሕክምና ኮሌክሽን አያሳዩም። ሰውየው እሱን "አጠፋሁልሽ" ብሎ ሊያስከፍልሽ ነበር ማለት ነው። ዕዳው ግን አለ፣ ሆስፒታሉን አነጋግሪ።

860ውና 2,140ው ሰማያዊ ናቸው። ስለነሱ ተመልሼ እጽፋለሁ፣ አሁን ፈረቃዬ ደርሷል።


የአራት ልጆች እናት

እኔ የከፈልኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ የከፈለ ሰው ምን እንደሚገጥመው ልንገርሽ።

ያኔ ሁለት ሥራ ነበረኝ፣ ትንሿ ልጄ ገና ጡት አልጣለችም። ደብዳቤ የምጽፍበት ሰዓት አልነበረኝም። ለመግቢያ 199፣ ከዚያ በየወሩ 99 ዶላር፣ ስምንት ወር ከፈልኩ። 991 ዶላር ማለት ነው። በሁለተኛው ወር ሦስት ነገር ጠፍቶልሻል ብለው ላኩልኝ። ዘለልኩ። ለባለቤቴ አሳየሁት። በአራተኛው ወር ሁለቱ ተመልሰው ገቡ።

ለምን ስላቸው ዝም። በኋላ ነው የገባኝ። ያለውን ሁሉ፣ እውነቱንም ውሸቱንም፣ "የኔ አይደለም" ብለው በደብዳቤ ይቃወሙታል። አበዳሪው በ30 ቀን ካልመለሰ ለጊዜው ይወጣል። ሲያረጋግጥ ይመለሳል። አንድ ዓይነት ደብዳቤ ደጋግመው ስለላኩ ድርጅቱ "ይህ መሠረት የለውም" ብሎ መመርመር አቆመ። እውነተኛ ስህተት የነበረው አንዱ ነገር እንኳ በነሱ ምክንያት አብሮ ተጣለብኝ። በስሜ የተላከውን ደብዳቤ ቅጂ ያየሁት ካቆምኩ በኋላ ነው። ኖሬበት የማላውቅ አድራሻ ጽፈዋል። ፊርማው የኔ አይደለም።

ሰው የሚከፍለው ሰንፎ አይደለም እህቴ። ደክሞት ነው፣ ፈርቶም ነው። አንቺም አሁን ሐዘን ላይ ነሽ። ሰዎቹ ይህን ያውቃሉ።

መክፈል የሚያዋጣበት ቦታ አንድ ብቻ አውቃለሁ። ማስረጃ ልከሽ፣ ተቀብለው፣ አሁንም አናስተካክልም ካሉሽ ጠበቃ ያዢ። ፈቃድ ያለው ጠበቃ ማለቴ ነው። ክሱን ካሸነፈ የጠበቃውን ወጪ እንዲከፍሉ ሕጉ ስለሚያስገድዳቸው ካንቺ ምንም ሳይቀበል የሚይዝ አለ። ዕዳሽን አንድ ላይ ተቀምጦ የሚያይልሽ ከፈለግሽ ደግሞ ለትርፍ ያልቆሙ የክሬዲት አማካሪዎች አሉ። የብሔራዊ የክሬዲት ምክር ፋውንዴሽን አባል የሆኑትን ጠይቂ። የመጀመሪያው ምክክር ብዙ ጊዜ በነፃ ነው።


እታለም ከባህር ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሁለታችሁንም ሦስት ጊዜ አነበብኳችሁ። ሰውየውን አልፈልግም ብዬዋለሁ። ሲቆጣ ትሕትናው ሁሉ ጠፋ። "ዓመት ታለቅሺያለሽ" አለኝ። ዘጋሁት።

ግን ገና ከጅምሩ ተሰናከልኩ። ያን የነፃ ሪፖርት ገጽ ከዚህ ሆኜ አልከፈት አለኝ። አንዴ ሲከፈትልኝ ደግሞ የማንነት ጥያቄ ጠየቀኝና አንዱን ተሳሳትኩ። የመጀመሪያው መኪናሽ የትኛው ነው ይላል። መኪና ኖሮኝ አያውቅም። ከዚያ ዘጋብኝ። ምን ላድርግ?


የዘጌ ልጅ፣ አሌክሳንድሪያ

አይዞሽ። ያ ጥያቄ አንዳንዴ "ከነዚህ አንዱም አይደለም" የሚል መልስ አለው፣ ለማወናበድ የሚገባ ነው። አሁን እሱን ተይው። ሪፖርቱ በፖስታም ይመጣል። አንድ ገጽ ቅጽ አለ፣ ወንድምሽ ከገጹ አውርዶ ይላክልሽ። አንቺ ሙዪውና ፈርመሽ ስካን አድርገሽ መልሺለት። እሱ አትሞ አትላንታ፣ ጆርጂያ፣ ፖስታ ሳጥን 105281 ይላከው። የሦስቱም ጥያቄ በዚያ አንድ ሳጥን ነው የሚሄደው። በ15 ቀን ውስጥ ይልካሉ። የድሮ አድራሻሽ የወንድምሽ ቤት መሆኑ ዕድል ነው፣ ማንም ፖስታሽን አይወስደውም። ብቻ አሁን በጫማ ካርቶን እንዳያስቀምጠው ንገሪው።

ፓስፖርትሽንና ሶሻልሽን በቴሌግራም አትላኪ፣ ለወንድምሽም ቢሆን። ቅጹ ላይ የሶሻሉን ቦታ ባዶ ተይውና ለሱ በስልክ ንገሪው፣ እሱ ይሙላው።

ስለ ሰማያዊዎቹ ቃል ገብቼ ነበር። ሁለተኛው ካርድ ተከፍሎ ተዘግቷል። የቀረው የመዘግየቱ ምልክት ነው። ለባንኩ ራሱ ደብዳቤ ጻፊ፣ ለክሬዲት ድርጅቶቹ አይደለም። የሆነውን እንደሆነ ንገሪያቸው። ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን አላሳለፍኩም፣ እናቴ ታማ ሄድኩ፣ የኢንተርኔት መቋረጥ መጣ፣ ስልኬ ተዘጋ፣ እንደቻልን ከፈልን። በደግነት አንሱልኝ ብለሽ ጠይቂ። ግዴታ የለባቸውም። አንዳንዱ ያነሳል፣ አንዳንዱ አያነሳም። ለእኔ አንዱ አንስቶልኛል፣ በሁለተኛው ደብዳቤ።

2,140ውን የያዘው ኮሌክሽን ጋ ግን አትቸኩዪ። መጀመሪያ ሪፖርቱ ላይ ባንኩም ኮሌክሽኑም ቀሪ ሒሳብ ጽፈው እንደሆነ እይ። ባንኩ ከሸጠው የባንኩ ቀሪ ዜሮ መሆን አለበት። ሁለቱም ከጻፉ አንዱ ዕዳ ሁለቴ ተቆጥሯል፣ እሱ ቀይ ነው። ከዚያ ተነጋግረሽ ቅናሽ ከሰጡሽ በጽሑፍ ሳይልኩልሽ አንድ ዶላር አትክፈዪ። የባንክ ሒሳብሽን ቁጥርም በስልክ አትስጪ። የተተወልሽ ዕዳ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ለግብር መሥሪያ ቤቱ እንደ ገቢ ሊነገርብሽ ስለሚችል ያን ወረቀት ስታገኚ እንዳትደነግጪ፣ ለግብር ሠሪሽ አሳዪ።

አዲስ ጥሩ ታሪክም ያስፈልግሻል። ወንድምሽ ንፁሕ የቆየ ካርድ ካለው በካርዱ ላይ ተጨማሪ ተጠቃሚ ብሎ ስምሽን ያስገባ። ስትመለሺ ደግሞ በመያዣ የሚሰጥ ካርድ አውጪ፣ ሁለት መቶ ሦስት መቶ ዶላር አስይዘሽ። ስኮሩ ሲሠራ ትልቁ ድርሻ፣ 35 በመቶው፣ በሰዓቱ መክፈል ነው። 30 በመቶው ደግሞ ያለብሽ ዕዳ መጠን ነው። የአስቤዛ ብቻ ግዢበትና በወሩ ሙሉውን ክፈዪ።


ግሽ ዓባይ

ስለ አሜሪካው አላውቅም፣ ግን እዚሁ ባህር ዳር ባንክ ውስጥ የብድር ክፍል ነው የምሠራው። እህታችን የጻፈችውን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ያው ነገር እዚህም እየመጣ ነውና።

እዚህም ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለው። ባንኩም ማይክሮ ፋይናንሱም ሳያበድር በፊት የተበዳሪውን ታሪክ ከዚያ ያያል። ባለፈው አንድ የአሳ ነጋዴ መጣ። ጣና ላይ ሁለት ጀልባ አለው፣ ለሦስተኛው ሞተር ብድር ፈልጎ ነው። ስናይ ከሌላ አበዳሪ ያልተከፈለ ብድር አለበት። "ከፍዬ ጨርሻለሁ" ብሎ ማለ። ከመምጣቱ በፊት አንድ ደላላ "ስምህን ከብሔራዊ ባንክ አሰርዛለሁ" ብሎ 15 ሺህ ብር በልቶበታል። ደላላው የብሔራዊ ባንክን ደጃፍ የሚያውቀው አይመስለኝም።

"ደረሰኝህን አምጣ" አልኩት። በማግስቱ በላስቲክ ጠቅልሎ አመጣ። እርጥበት ነክቶት ጫፉ ጠቁሯል፣ አሳ አሳ ይሸታል፣ ግን ማኅተሙ ይነበባል። የመጨረሻው ክፍያ ነው። መረጃውን የላከው የድሮ አበዳሪው ነውና ወደ እነሱ ሄደህ ከዕዳ ነፃ ደብዳቤ ጠይቅ፣ መረጃውንም ያስተካክሉ በላቸው አልኩት። አንድ ሠራተኛ የመጨረሻዋን ክፍያ ሳያስገባ ቀርቶ ነበር። አስተካከሉለት። የከፈለው የባጃጅ ብቻ ነው።

ደረሰኝ ጣሉ አይባልም ጎበዝ። በስልክ የምትወስዱትን ትንሽ ብድርም አትናቁት። እሱንም ሳትመልሱ ብትቆዩ ቀጣዩን ይዘጋባችኋል።


እታለም ከባህር ዳር

ሁለት ወር ሆነ። እንዳልጠፋሁ ላሳውቃችሁ ብዬ ነው።

ሪፖርቱ በ17ኛው ቀን ወንድሜ ጋ ደረሰ። እንደታሸገ አላስቀመጠውም፣ የዚያኑ ዕለት ማታ ከፍቶ በቪዲዮ አብረን አየነው። እኔ እዚህ የእናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ እሱ እዚያ ጠረጴዛው ላይ። እንደተባልኩት እሱ በሰማያዊና በቀይ ያሰምራል፣ እኔ "እውነት ነው፣ እውነት አይደለም" እለዋለሁ። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ከሦስት ዓመት ወዲህ ያን ያህል ተቀምጠን አውርተን አናውቅም።

የሆስፒታሉ ዕዳ በሦስቱም ላይ የለም። የዘጌ ልጅ፣ እንዳልከው ነው። ሆስፒታሉ ጋ ደውለን ገቢዬን ስናስረዳ የእርዳታ ቅጽ ላኩልን፣ ሞልተን ልከናል። ስሜ በሦስት ዓይነት ተጽፏል፣ አንዱ ላይ የአያቴ ስም እንደ መካከለኛ ስም ገብቷል። አድራሻ ግን አንድ የማላውቀው አለ፣ ፊላደልፊያ። የስልኩ መስመር የተከፈተው በሱ ነው።

ለስልኩ ጉዳይ ደብዳቤውን ጊዮርጊስ አካባቢ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩት። ልጁ የፓስፖርቴን ማኅተም ስካን ሲያደርግ "እህቴ ደብዝዟል፣ ቀኑ አይለይም" አለኝ። ብርሃኑን ሦስት ጊዜ አስተካክሎ ደገመው። በመጨረሻ ሰኔ የገባሁበት ቀን ጥርት ብሎ ወጣ። እንዲያ ጥርት ብሎ ሳየው ደረቴ ላይ የነበረ ነገር ለቀቀኝ። ውሸታም እንዳልሆንኩ የሚናገር ወረቀት በእጄ ነው። እናቴን ላስታምም የመጣሁበት ቀን ነው። የማንነት ስርቆቱን ሪፖርት ወንድሜ ከጎኔ እንዳለ ያህል በስልክ እየጠየቀኝ ሞላው። ሁሉንም አንድ ላይ አድርጎ በሰርቲፋይድ ሜይል ላከ። ሁለቱ ድርጅቶች አጥፍተውታል። ሦስተኛው ተጨማሪ የአድራሻ ማረጋገጫ ጠየቀ።

2,140ው ዶላር ሁለቴ ተቆጥሮ ነበር። ባንኩ ቀሪውን ዜሮ አድርጓል። ኮሌክሽኑ 1,300 ከከፈልሽ እንዘጋዋለን አለ። በጽሑፍ ላኩ አልኳቸው። መጀመሪያ "በስልክ ይበቃል" አሉ፣ አይበቃም አልኩ። በስድስተኛው ቀን ደብዳቤው መጣ። በአሥር ወር 130፣ 130 ሆኖ ይከፈላል። የመጀመሪያው ወር ተከፍሏል። የእናቴን ቤት አንድ ክፍል አከራይቼ ብሩን ለወንድሜ ልጅ ትምህርት ቤት እከፍላለሁ፣ እሱ እዚያ ዶላሩን ይከፍልልኛል።

የዘገየው ካርድ ባንክ አላነሳልኝም። በአክብሮት ነው የመለሱልኝ፣ ግን አላነሱም። ከወር በኋላ ሁለተኛ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ስኮሬ 548 ነበር፣ አሁን 603 ነው። ወንድሜ ካርዱ ላይ ስሜን አስገብቷል።

አሁን ለቤቱ ነገር አንድ ጥያቄ አለኝ። ክሬዲት ብቻ የማያይ፣ የሥራ ደብዳቤና ተቀማጭ ተቀብሎ የሚያከራይ ቤት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ታኮማ ፓርክ አካባቢ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። የድሮ አሠሪዬ ተመለሺ ብላኛለች፣ ደብዳቤውም እጄ ላይ ነው። የሦስተኛውን ድርጅት ማረጋገጫ ወንድሜ ትናንት ፖስታ ቤት አስገብቶታል። መልሱ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።